«ለእኛ» ብቻ ሳይሆን «በእኛ»ም ይሁን

የካቲት 23 ሲቃረብ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ዓድዋን ደረቱ ላይ ያደረገ ወጣት አያጣም። አንዱ ዐፄ ምኒልክን ለብሷል፤ አንዷ እቴጌ ጣይቱን። ከኋላ ወንበር የአፍሪካ ካርታ ተቀምጧል። ረዳቱ ጀርባ ላይ ደግሞ በጥቁርነቱ እንደሚኮራ የሚያውጅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። መስከረም ሲያልቅ ኢሬቻ ይመጣና ያው ታክሲ ሌላ ቀለም ይለብሳል፤ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ፣ መሃሉ ላይ የኦዳ ዛፍ። ጥር ሲገባ ደግሞ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ነጭ በነጭ እንሆናለን።

በአጭሩ የእኛ ትውልድ ማንነቱን በአፉ ከመናገሩ በፊት በልብሱ ይናገራል። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ካናቴራ ላይ ከውጭ አገር ተጫዋችና ከማናውቀው ዩኒቨርሲቲ ስም ይልቅ የራሳችን ታሪክ ቢታተም ደስ ይለኛል። በየሰፈሩ ሁለትና ሦስት ሆነው በስልካቸው ዲዛይን እየሠሩ፣ በቴሌግራም ትእዛዝ እየተቀበሉ፣ በሞተር እየላኩ ትንንሽ ብራንድ የጀመሩ ልጆችንም አደንቃለሁ። ሥራ ጠፋ ብሎ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ስንት እጥፍ ይሻላል።

ግን አንድ ነገር እናድርግ። ያቺን የኩራት ካናቴራ ገልብጡና አንገቷ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ መለያ ጨርቅ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት የሩቅ አገር ስም ነው። ጨርቁ ከዚያ መጣ፤ ስፌቱም ከዚያ መጣ፤ የእኛ የሆነው ላዩ ላይ የፈሰሰው ቀለም ብቻ ነው። የዓድዋን ድል ባዕድ በሠራው ጨርቅ ላይ አትመን «ራሳችንን ችለናል» እንላለን። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

ከሐርለም እስከ ኩዊንስ

ጥቁርነትን በልብስ የማክበር ታሪክ እኛ ጋ አልተጀመረም፤ በካናቴራም አልተጀመረም። በጥር ወር 1962 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሐርለም ፎቶ አንሺው ክዋሜ ብራዝዌይት፣ ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ናቹራሊ 62» የተባለ የፋሽን ትርዒት አዘጋጀ። ሞዴሎቹ «ግራንዳሳ» የሚል ስም የወጣላቸው የሰፈሩ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ፀጉራቸውን በእሳት አልተኮሱም፤ ቆዳቸውን በዱቄት አላነጡም። የለበሱትም የአፍሪካን አለባበስ የተከተለ ልብስ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መጽሔቶች ላይ ቆንጆ ማለት ነጭ፣ ካልሆነም ለነጭ የቀረበች ማለት ነበርና ትርዒቱ ከፋሽን በላይ ነበር። «ጥቁር ውብ ነው» የሚለው አባባል ዓለምን ሲያዳርስ እነዚህ ሴቶች ቀድመው ለብሰውት ቆመዋል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ዴይመንድ ጆን የሚባል ወጣት ኮፍያ እየሰፋ መንገድ ላይ መሸጥ ጀመረ። ሥራው ሲሰፋ እናቱ ቤታቸውን አስይዘው 100,000 ዶላር ተበደሩለት። ሳሎኑ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሆነ። ብራንዱን «ፉቡ» አለው። በዘጠናዎቹ የራፕ ክሊፕ ያየ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። የቃሉን ፍቺ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ «ለእኛ፣ በእኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕፃር ነው።

የዛሬ ጽሑፌ ሁሉ በዚህች ሐረግ ላይ ነው የሚያጠነጥነው። ሁለት ክፍል አላት። «ለእኛ» ማለት እኛን የሚመስል፣ እኛን የሚያከብር ልብስ ማለት ነው። «በእኛ» ማለት ደግሞ እኛው የሠራነው፣ የሠራውም እጅ የሚበላበት ልብስ ማለት ነው። የእኛ አገር የኩራት ፋሽን የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ይዞታል። ሁለተኛው ግማሽ ነው የጎደለው።

ጥቁርነት ለውጭ ሰው ብቻ?

በነገራችን ላይ ሐርለም ውስጥ ያ ሁሉ ሲሆን የኢትዮጵያ ስም ሩቅ አልነበረም። በዚያው ከተማ «አቢሲንያን ባፕቲስት» የተባለችው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ስማችንን ይዛ የተመሠረተችው በ1808 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን ሲወርረን ዶክተር መላኩ በያን ወደ አሜሪካ ሄደው በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ኒውዮርክ ላይ አቋቋሙ፤ ሰሚዎቻቸውም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ አረንጓዴ ቢጫ ቀያችንን አዙራ ሰንደቋ ላይ አደረገች፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ተከተሏት። ስለዚህ ጥቁር ሕዝብ ኩራቱን ሊለብስ ሲፈልግ ቀለሙን ከእኛ ነው የወሰደው።

እኛስ? እኛ ጥቁርነታችንን የምናስታውሰው ከነጭ ጋር ስንጋጠም ነው። ዓድዋ ላይ ጥቁር ነን፤ ኦሎምፒክ ላይ ጥቁር ነን፤ ውጭ አገር አየር ማረፊያ ላይ ለብቻችን ስንፈተሽ ጥቁር ነን። ቤታችን ስንገባ ግን «ቀይ ናት»፣ «ጠይም ነው»፣ «ጠቆር ይላል እንጂ ደህና ልጅ ነው» እያልን እንከፋፈላለን። ያቺን «እንጂ» ልብ በሉልኝ። በየመዋቢያ ሱቁ የቆዳ ማንጫ ክሬም የሚሸጠው ገዢ ስላለው ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ቢሆንም ቃሉ ግን ዛሬም ለስድብ ከአፍ ይወጣል፤ የሚሰደቡትም ከእኛ ጠቆር ያሉት ናቸው። «ጥቁር ሰው» የሚል ካናቴራ ለብሶ ጎረቤቱን በቆዳው የሚሳደብ ሰው ካናቴራውን አላነበበውም ማለት ነው።

ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የኩራት ልብስ ሥራ ካለው ሥራው ይኸው ነው ለማለት ነው። ሐርለም ላይ እንደሆነው ሁሉ ልብሱ ለባሹን ራሱን መለወጥ አለበት። ባዕድን ለማስቀናት ብቻ የሚለበስ ኩራት የበዓል ልብስ ነው፤ በማግስቱ ታጥፎ ይቀመጣል።

የበረባሶ ትምህርት

«በእኛ» የሚለው ነገር ሕልም ነው የሚል ካለ ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅን ይመልከት። ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ፣ አየር ጤና ሳይደረስ ያለ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአለርት ሆስፒታልና በሥጋ ደዌ ነው። ሰፈሩን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ።

ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ብራንድ የጀመረችው እዚያ ተወልዳ አድጋ፣ እዚያው በአያቷ ግቢ ውስጥ ነው። መነሻ ገንዘቡ ከቤተሰብ የተገኘ ሲሆን ከ10,000 ዶላር ያነሰ ነበር። ሠራተኞቹም በመጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ምን ሠራች? በረባሶ! ያንን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጥ፣ የገጠር ሰውና አርበኛ ሲጫማው የኖረ፣ ከተሜው ደግሞ የድህነት ምልክት አድርጎ የናቀውን በረባሶ ወሰደች። ላዩን በእጅ በተፈተለና በተሸመነ ጥጥ ሠራችው። ከዚያ «ኢትዮጵያዊ ነው» ብላ ለዓለም ሸጠችው። ፍትሐዊ ንግድ የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት የምስክር ወረቀት የሰጠው የመጀመሪያው የጫማ ብራንድም ሆነ። ስሟ በእነ ፎርብስ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ታይዋን ድረስ የብራንዱ ሱቅ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ትምህርቱ «አንዲት ሴት ተሳካላት» የሚለው አይደለም፤ እንደዚያ ዓይነት ወሬ ጠግበናል። ትምህርቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ቤተልሔም መጀመሪያ መፈክር ጽፋ ኋላ ጨርቅ አልፈለገችም። መጀመሪያ የሰፈሩን እጅ አየች፤ የሚፈትል አለ፣ የሚሸምን አለ፣ ጎማ የሚቆርጥ አለ። ከዚያ እጁ የሚያውቀውን ነገር ሸቀጥ አደረገችው። ጫማው ላይ ምንም ባይጻፍበት እንኳ ኩራቱ ጫማው ውስጥ አለ፤ ምክንያቱም የተናቀ ሰፈር፣ የተናቀ ጫማና የተናቀ ሙያ አንድ ላይ ቆመው ዋጋ አውጥተዋል።

ሞዴሏ ሊያ ከበደም በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም»ን የጀመረችው የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ስታይ ነው። መነሻው ያው ነው፤ እጁ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል።

ሸማኔውን ማን አከበረው?

አሁን ወደ ቡራዩ ልሂድ። ይህ ክፍል ቀላል አይደለም።

የአገር ልብስ ስንል ሽሮ ሜዳ ትዝ ይለናል። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠውን ጥለት ከሚሸምኑት ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዙት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ቤት ኪራይ ሲወደድ ከከተማው ጠርዝ ወጥተው ቡራዩ የሠፈሩም ብዙ ናቸው። በሠርጋችን፣ በምርቃታችን፣ በጥምቀታችን የምንኮራበት ጥበብ የሚወጣው ከእነዚህ ሰዎች ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ የምለው ለምሳሌ አይደለም፤ ሸማኔ እግሩን መሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ከእሱ በፊት ደግሞ ጥጡን አባዝታ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። እሷን ማንም አያነሳትም።

ለእነዚህ እጆች የከፈልነው ምንድን ነው? ስድብ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን በሙያው እየጠሩ መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አንድ ንጉሥ በአዋጅ «ሸማኔን አትስደቡ» ለማለት የተገደደባት አገር ናት የእኛ አገር፤ ደግሞም ንጉሡን ጨምሮ ሁሉም ሸማ ለባሽ ነበር። የለበስከውን የሠራልህን ሰው መናቅ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ስድቡ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው አዲስ አበባ በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። ከተጠቁት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ሸማኔዎች ነበሩ። ያ ወር የመስቀል ወር ነው፤ አገር ነጭ የሚለብስበት ወር። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩና ልጆቻቸውን መለሱ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። ስለ ማንነት ክብር ካናቴራ የሚያስፈልገን ከሆነ እኔ የማትመው ያንን ነው።

ይህን የማነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማንነት ከባድ ቃል ነው። ኦሮሞው አለ፣ አማራው አለ፣ ጉራጌው አለ፣ ጋሞው አለ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተችው ሸገር ከተማ ውስጥ ክፍለ ከተሞች ሲሆኑ እንኳ ክርክሩ ብዙ ነበር። የአንዱ ጀግና ለሌላው ቁስል ነው፤ ምኒልክን ደረቱ ላይ ያደረገው ልጅና ኦዳን ያደረገችው ልጅ በአንድ ታክሲ ውስጥ ዝም ተባብለው ይወርዳሉ። ጥቁርነት ትርጉም ቢኖረው እነዚህን ሁለቱን የሚያነጋግር መሆን ነበረበት። በምስል ማስማማት ካልቻልን በሥራ ብንጀምርስ? ሁለቱም የለበሱት ልብስ የተሸመነው በአንድ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ቢያውቁ ቢያንስ አንድ የጋራ ወሬ ይኖራቸዋል። ድርና ማግ ተቃርነው ነው ሸማ የሚሆኑት።

የሕትመት ጥበብ

ሸማኔው ላይ ከስድብም በላይ የከፋ ጠላት መጥቷል፤ እሱም የታተመ ጥበብ ነው። ከቻይና በጥቅል የሚገባ፣ ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን እንደ ጋዜጣ የታተመ ጨርቅ ገበያውን አጥለቅልቆታል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ዋጋው ደግሞ በእጅ ከተሠራው ጋር አይወዳደርም። ሸማኔ በስንት ቀን የሚጨርሰውን ማሽን በደቂቃ ያወጣዋል።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ገንዘብ የለኝም» የምትል እህት ትኖራለች። እውነቷን ነው። የእጅ ሥራ ቀሚስ ለተመራቂ ደመወዝ የሚሞከር አይደለም፤ ይህንን በሚገባ አውቀዋለሁ። ለሠርግ ስድስት ሚዜ አንድ ዓይነት ማልበስ ሲመጣ የታተመውን የመረጠችውን ሙሽራ አልፈርድባትም። ችግሩ ድሃው በርካሽ መልበሱ አይደለም። ችግሩ «የማንነት ብራንድ ነኝ» የሚለው ነጋዴ የታተመውን ጨርቅ ወስዶ፣ ስም ለጥፎበት፣ በእጅ ሥራ ዋጋ ሲሸጠው ነው። ይሄ ኩራት አይባልም፤ በኩራት መነገድ ነው። ሸማኔው ሁለት ጊዜ ተዘረፈ፤ አንዴ ጥለቱን፣ አንዴ ገበያውን።

ሰበታ ያየችው

ሌላው ክርክር ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «እጅ ሥራ ወደ ኋላ ነው፣ ፋብሪካ ይምጣና እኛው እናምርት፤ ያኔ በእኛ ይሆናል»። መልካም፤ ፋብሪካው መጥቶ ነበር። አይካ አዲስ የሚባለው የቱርክ ባለሀብቶች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሰበታ ዓለም ገና በ2010 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ከክር እስከ ተሰፋ ልብስ እያመረተ ለጀርመን ገበያ ይልክ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ነበሩት፤ አብዛኞቹ እንደ እኔ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። በኋላ ግን ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ የወሰደው ብድር ከበደውና ባንኩ ተረከበው። የዚያን ፋብሪካ ልብስ ለብሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እዚሁ አጠገባችን ተሰፍቶ፣ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት፣ ሌላ አገር ሄደ። «በእኛ» ነበር፤ «ለእኛ» ግን አልነበረም። የካናቴራው ተቃራኒ ማለት ነው።

ሐዋሳም ቢሆን ከዚህ ብዙም አልተለየ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ይህም ከዓለም ልብስ አምራቾች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑ ተጽፏል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ እንጂ አዋጁ ራሱ ወለሉን በቁጥር አላስቀመጠም። በ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ የልጆቹ እንጀራ በአንድ ውሳኔ ተናጋ። የሌላ ሰው ስም መስፋት ትርፉ ይኸው ነው። ስሙ የእሱ ስለሆነ ሲፈልግ ይዞት ይሄዳል።

ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ስንሻገርም ነገሩ ያው ነው። በጠዋት ብርድ የሱሉልታን ሜዳ የሚያቋርጡት ሯጮች ምናልባት የዘመናችን ትልቁ የጥቁር ኩራት ናቸው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ እግሩ ላይ የማንም አርማ አልነበረም። ዛሬ ልጆቹ ከሸሚዝ እስከ ጫማ የሌላ ሰው አርማ ተሸክመው ነው የሚሮጡት። አትሌቱን አልወቅስም፤ የሚከፍለው እሱ ነው። ግን በኢትዮጵያዊ ሳንባ የተገኘ ዝና የባዕድ ጫማ ሲሸጥ ማየት ያስቆጫል።

ምን ይደረግ?

ችግር ዘርዝሮ መውረድ የጋዜጠኝነት ተመራቂ ሁሉ ይችላል፤ እኔም ዲግሪዬን ያገኘሁት በዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

ሰበታ ውስጥ የስፌት ማሽን እንደ እጃቸው የሚያውቁ፣ ለጀርመን ገበያ ጥራት የሰፉ ሴቶች አሉ። ቡራዩ ውስጥ ጥለት የሚያውቁ ሸማኔዎች አሉ። ሱሉልታ ውስጥ ቢለብሱት ዓለም የሚያይላቸው ሯጮችና ሯጭ ለመሆን የሚደክሙ በርካታ ልጆች አሉ። በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት የታክሲ ሒሳብ ነው። «የማንነት ብራንድ» መጀመር የሚፈልግ ወጣት እነዚህን ሦስቱን ያገናኝ። ሙሉ ቀሚስ ባይሆንም የካናቴራው ኪስ ላይ ወይም የእጅጌው ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር እውነተኛ የእጅ ጥለት ይግባ። ስንዝር ጥለት ለሸማኔው ቋሚ ሥራ ነው፤ ለገዢው ደግሞ ኪስ የማይጎዳ ዋጋ ነው።

ሁለተኛ፣ መለያው ጨርቅ ላይ የብራንዱ ስም ብቻ ሳይሆን ከፈቀደ የሸማኔው ስምም ይጻፍ። ሠዓሊ ሥዕሉ ላይ ይፈርማል፤ ደራሲ መጽሐፉ ላይ ስሙን ያትማል። ሸማኔ ምን በደለ? የ1900ው አዋጅ ያላጠፋውን ንቀት ምናልባት ይህቺ አንድ ስም ትቀንሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ትእዛዙ ለዓድዋ፣ ለኢሬቻና ለጥምቀት ሰሞን ብቻ አይሁን። ሸማኔው በሐምሌም ይበላል። በሦስት ወር አንድ ጊዜም ቢሆን በየጊዜው የሚመጣ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ከሚመጣ ግርግር ይሻለዋል፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው በእሱ ነውና።

አራተኛው ለእኛ ለገዢዎች ነው። ስንገዛ እንጠይቅ። ማን ሠራው? የት ተሠራ? የእጅ ነው የሕትመት? ነጋዴው ሕትመት ነው ብሎ በሕትመት ዋጋ ከሸጠልን ምንም ችግር የለውም፤ ሐቀኛ ነው። ከተንተባተበ ግን ገንዘባችንን ይዘን እንሂድ። ነጋዴ ከፖለቲከኛ የሚለየው በዚህ ነው፤ ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነገር ውሎ አድሮ ያመጣል።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ካናቴራ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ለአንድ ካናቴራ። ዴይመንድ ጆንም የጀመረው በአንድ ኮፍያ ነው፤ ቤተልሔምም በአንድ በረባሶ። ደግሞም ካናቴራዋ ላይ የጻፍነው ቀላል ቃል አይደለም። የጥቁር ሕዝብ ክብር ብለን ነው የጻፍነው። ያንን ቃል ጽፎ ሸማኔውን መናቅ፣ ሰፊዋን ማስራብ፣ ጎረቤትን በቆዳውና በዘሩ መስደብ አንድ ላይ አይሄዱም። ከሁለቱ አንዱን መተው አለብን፤ እኔ ቃሉን ባንተወው እመርጣለሁ።

እናም የሚቀጥለውን ልብሳችሁን ስትገዙ ፊቱን ካያችሁ በኋላ ገልብጣችሁ ውስጡንም እዩት። ኩራቱ እዚያም ካለ ግዙት፤ በደስታም ልበሱት።